የሕፃናት ማቆያ በጎንደር፦ ፈቃድ፣ ደረጃና እውቅና

የሕፃናት ማቆያ ወላጅ ሥራ ሲውል ገና ኬጂ ያልደረሰ ልጅ የሚውልበት ቤት ነው። ብዙ ሰው ‹‹ዴይ ኬር›› ይለዋል። ድሮ ይህ ሥራ የአያት፣ የጎረቤት ወይም የሞግዚት ነበር፤ ዛሬም በብዙ የጎንደር ቤት እንደዚያው ነው። ልጁ ጠንከር ሲል ደግሞ ቄስ ትምህርት ቤት ይገባል። የ44ቱ አድባራት ከተማ ናትና የኔታ አይታጡም።

ማቆያ የሚያስፈልገው ግን ከዚያ በጣም ቀድሞ ነው። ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በኋላ የሚሰጣት ፈቃድ 90 ቀን ነው። የጤና ባለሙያዎች ደግሞ ሕፃኑ እስከ 6 ወሩ የእናት ጡት ብቻ ይጥባ ይላሉ። የቀረውን 3 ወር ማን ይሙላው? በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች እናቶች ልጃቸውን የሚያጠቡበትና የሚያቆዩበት ቦታ እንዲያዘጋጁ አዘዘ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲን የመሰለ የፌዴራል ተቋም እዚህ ውስጥ ይገባል። ቅዳሜ ገበያ ጉልት ዘርግታ የምትውል እናት ግን አዋጁ አይደርሳትም። ልጇን አዝላ ነው የምትሸጠው።

ፈቃድና እውቅና ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። ፈቃድ ማቆያው ሥራ ለመጀመር የሚያበቃውን ትንሹን መስፈርት እንዳሟላ ያሳያል፦ ክፍሉን፣ ግቢውን፣ ሽንት ቤቱን። እውቅና ከዚያ ያልፋል። ማቆያው መጀመሪያ ራሱን ይገመግማል፣ ከዚያ የውጭ ገምጋሚ ያየዋል፣ የሚያገኘውም ምስክርነት በየጊዜው ይታደሳል። አሜሪካ ውስጥ የሕፃናት ትምህርት ባለሙያዎች ብሔራዊ ማኅበር ይህን ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራል። አውስትራሊያም ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ ማቆያዎችን በ7 የጥራት ዘርፎች ትመዝናለች፤ ውጤቱን ማንም ወላጅ ማየት ይችላል።

በእኛ አገር ለዚህ የሚቀርበው የትምህርት ቤት ኢንስፔክሽን ነው። ግብዓት 25፣ ሂደት 35፣ ውጤት 40 ከመቶ ይይዛሉ። ከ50 በታች ያገኘ ደረጃ 1 ነው፤ ደረጃ 4 ለመባል 90 መድረስ ያስፈልጋል። ኬጂዎችም በዚህ ይመዘናሉ። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የቅድመ ልጅነት ፖሊሲ ማዕቀፍም መዋዕለ ሕፃናትን ከ4 ዓመት ይጀምራል፤ ከዚያ በታች ላሉት በይበልጥ የሚያተኩረው በወላጆች ትምህርትና በጤና ላይ ነው። ለእኔ ትልቁ ክፍተት ይኸው ከ4 ዓመት በታች ያለው ነው። የዋለበትን መናገር የማይችለው ልጅ ነው ጠያቂ የሚያጣው።

ከመስፈርቶቹ ሁሉ የሚበልጠው አንዲት ሞግዚት ስንት ልጅ ትይዛለች የሚለው ነው። የአሜሪካው ማኅበር ለጨቅላ ሕፃናት አንድ ተንከባካቢ ለ4 ይላል፤ በአንድ ክፍልም ከ8 እንዳይበልጡ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አሥር ሕፃን የያዘች ሴት የቱንም ያህል ደግ ብትሆን አንዱን ስታጠባ ሌላው ሲታነቅ አታይም። የሞግዚቶች ቶሎ ቶሎ መቀያየርም ልጅን ይጎዳል። ደመወዙ ትንሽ ከሆነ ደግሞ ማንም አይቆይም። ግድግዳ ላይ ሚኪ ማውስ ከመሳል በፊት ደመወዝ መጨመር ይቀድማል።

ጎንደር ላይ የውሃው ነገር አለ። ከተማዋ ለረጅም ዘመን የጠጣችው ከአንገረብ ግድብ ነው፤ ግድቡ በደለል እየተሞላ ሕዝቡም እየበዛ ሄዶ ውሃ በፈረቃ ሆነ። ዳይፐር በቀየሩ ቁጥር እጅን በሳሙና መታጠብ የብዙ አገር መስፈርት ነው። ስለዚህ እዚህ ሮቶ የሌለው ማቆያ ሌላው ሁሉ ቢሟላለት እንኳ ንጹሕ ሊሆን አይችልም።

ቦታ የሚፈልግ ወላጅ ፈቃዱን አይቶ አይመለስ። ቀን ላይ ሳይናገር ጎራ ይበል። አትገባም ከተባለ ልጁን ሌላ ቦታ ይውሰድ። ትኩሳት ያለው ልጅ ሲመጣ ምን እንደሚያደርጉ፣ ማታ ልጁን ለማን ለማን እንደሚያስረክቡ ይጠይቅ፤ የተረካቢዎቹ ስም የተጻፈበትን መዝገብም ያሳዩኝ ይበል።