«ወደ ወንድ ልብ የሚወስደው መንገድ በሆዱ በኩል ነው»፦ አባባሉና የሚጠቀስላት ሴት

ይህ አባባል የምግብ ዝግጅት ፕሮግራሞች ማሟሻ፣ የሙሽራም ምክር ከሆነ ሰንብቷል። «ባልሽ እንዲወድሽ ወጥሽን አጣፍጪ» ማለት ነው ይሉታል። አባባሉ በብዛት የሚጠቀስላት ሴት ግን እንዲህ ማለቷ አልነበረም።

ፋኒ ፈርን በሚል የብዕር ስም የታወቀችው ሳራ ዊሊስ (1811–1872 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊት ልብ ወለድ ደራሲና የጋዜጣ ዓምደኛ ነበረች። በ1853 በወጣው የመጣጥፍ መድበሏ ውስጥ ስለ ተራቡ ባሎች የጻፈችው አጭር ጽሑፍ አለ። ወደ ወንድ ልብ የሚያደርሰው ቀጥተኛ መንገድ ላንቃው መሆኑ አንገት የሚያስደፋ ነገር ነው ብላ ትጀምራለች። ከዚያ ሚስቶችን ትመክራለች፦ ተርኪ (ከዶሮ የሚተልቅ የቤት ወፍ) ጥበሺለት፤ ሲጠግብ ቆብና ቀሚስ ጠይቂው፤ ናያግራ ፏፏቴ ወይም ፓሪስ ልሂድ በዪው። ካንገራገረ በማግስቱ ሌላ ተርኪ ጥበሺና እሱ ሲበላ አንቺ ሻንጣሽን ሸክፊ።

ተርኪ መጥበስ ደግሞ ቀላል ሥራ አልነበረም። በኒው ኢንግላንድ (ሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ) ቤቶች ምድጃው ፊት የሚቆም፣ ወደ እሳቱ በኩል ክፍት የሆነ የቆርቆሮ ሣጥን ነበር። ተርኪው በብረት ዘንግ ተሰክቶ ውስጡ ይገባል፤ ዘንጉን ከውጭ በመዘውር ያዞሩታል። የሚንጠባጠበው ስብ ከሥር ይጠራቀማል፤ ከኋላ ባለችው ትንሽ በር እየቀዱ መልሰው ያፈሱበታል። ደህና ተርኪ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። መጀመሪያ ከእሳቱ ራቅ ይደረጋል፤ አብሳይዋ ቸኩላ ያስጠጋችው እንደሆነ ቆዳው ያርርና አጥንቱ ሥር ደም ይቀራል። ቆዳው እንዲቀላ የሚጠጋው መጨረሻ ላይ፣ ዱቄት ተነስንሶበት ነው። ረፋዱን በሙሉ እሳት ስትሞቅ የዋለች ሴት ናት እንግዲህ ለአንዲት ቆብ የምትለማመጠው። ሕጉ ያስገድዳታል፤ በአብዛኞቹ የአሜሪካ ክፍላተ ሀገር ያገባች ሴት ደሞዝ የባሏ ነበር።

ሐሳቡ ከእሷ በፊትም ነበር፤ የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆን አዳምስ በ1814 በጻፈው ደብዳቤ ወደ ሰዎች ልብ አጭሩ መንገድ በጉሮሯቸው እንደሚወርድ ተናግሯል። የእኔ እምነት ግን የእሷ ምንጭ መጽሐፈ አስቴር ነው የሚል ነው። በጽሑፏ ሚስቲቱን «አስቴር» ብላ ትጠራታለች፤ ንጉሡ ለአስቴር እሰጥሻለሁ ያላትን የመንግሥቱን እኩሌታም ታነሣለች። አስቴር ንጉሡን በመጀመሪያው ግብዣ ምንም አልለመነችውም፤ ለሁለተኛ ጋብዛው ነው የሕዝቧን ነፍስ የጠየቀችው። ሁለቱ ተርኪዎች ሁለቱ ግብዣዎች ናቸው! አባቷም ዲያቆንና የመንፈሳዊ ጋዜጣ አሳታሚ ስለነበር መጽሐፉ ባዳ አይሆንባትም።

ልመናውንም ታውቀዋለች። የመጀመሪያ ባሏ በ1846 ሲሞት ዘመድ እጁን ሰበሰበባት፤ በ1849 ያገባችውን ሁለተኛውን ባል በ1851 ጥላው ወጣች። ለመጀመሪያ ጽሑፏ የተከፈላት ሃምሳ ሳንቲም ነበር፤ በ1855 ግን አንድ የኒው ዮርክ ጋዜጣ በሳምንት 100 ዶላር ይከፍላት ጀመር። በ1854 መጨረሻ በወጣው «ሩት ሆል» ልብ ወለዷ፣ ባለታሪኳ የምታገኘው ሽልማት አዲስ ባል ሳይሆን የ100 የባንክ አክሲዮኖች ሰርተፊኬት ነው፤ ምስሉም መጽሐፉ ላይ ታትሟል። በ1856 ጄምስ ፓርተንን ስታገባም ንብረቷ የራሷ ሆኖ እንዲቀር አስቀድማ ውል አስፈርማለች።

እንዲህ ያለችን ሴት የወጥ ማጣፈጫ አስተማሪ ማድረግ ግፍ ነው። ሙሽራን በእሷ ቃል የሚመክር ሰው ከጥብሱ ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄም ይንገራት።