ስቶል በአነስተኛ የማሰልጠኛ አውሮፕላኖች፦ አመጣጡና ማገገሚያው

ስቶል የሚባለው፣ የአውሮፕላን ክንፍ ከፊቱ ከሚመጣው አየር ጋር የሚሠራው ማዕዘን ከልክ ሲያልፍ፣ በክንፉ የላይኛው ገጽ ላይ ተጣብቆ ይፈስ የነበረው አየር ተላቆ ሲበጠበጥና አንሺው ኃይል ሲከዳ የሚፈጠር ሁኔታ ነው። ሞተሩ በሙሉ ጉልበት እየሠራም ሊደርስ ስለሚችል የሞተር ብልሽት አይደለም።

ይህ የመጨረሻ ማዕዘን በብዙ አነስተኛ አውሮፕላኖች ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ሲሆን፣ ስቶል የሚያጋጥምበት ፍጥነት ግን እንደ ጭነቱና እንደ አበራረሩ ይለዋወጣል። የማሰልጠኛ አውሮፕላኑ ሴስና 172ኤስ በሙሉ ክብደቱ ቀጥ ብሎ ሲበር፣ ፍላፑ (በክንፉ የኋላ ጠርዝ ያለው ተንቀሳቃሽ ክፍል) ካልወረደ በ48 ኖት (አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው)፣ ሙሉ በሙሉ ከወረደ በ40 ኖት ገደማ ስቶል ውስጥ ይገባል። ከፍታውን ጠብቆ በ60 ዲግሪ ተዘንብሎ ሲዞር ግን ክንፉ የክብደቱን እጥፍ ስለሚሸከም፣ ያው ፍጥነት በ41 በመቶ ያድጋል። ሰልጣኝ የፍጥነት መለኪያውን ብቻ እያየ ደኅና ነኝ ማለት የማይገባው በዚህ ምክንያት ነው።

አውሮፕላኑ ሳያስጠነቅቅ አይከዳም። በሴስናው የግራ ክንፍ ፊት ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ከስቶሉ 5 እስከ 10 ኖት ቀድማ የፉጨት ድምፅ ታሰማለች፤ መሪው ይላላል፣ አካሉም ይንቀጠቀጣል። ክንፉ ጫፉ ላይ በትንሹ ወደ ታች ተጠምዝዞ የተሠራ በመሆኑ ስቶሉ ከሥሩ ይጀምራል፤ ጫፉ ላይ ያሉት፣ አውሮፕላኑን ወደ ጎን የሚያዘነብሉት ኤሌሮኖችም ጥቂት ጊዜ ይታዘዛሉ።

የማገገሚያው ሁሉ ሥር መሪውን ወደ ፊት ለቀቅ አድርጎ ማዕዘኑን መቀነስ ነው። አፍንጫው ሲወድቅ የሰው ደመ ነፍስ መሪውን ወደ ኋላ መሳብ ስለሆነ፣ ይህ እርምጃ እጅ እስኪለምደው ድረስ በበቂ ከፍታ ላይ ይደጋገማል። ከዚያ ክንፎቹ ይስተካከላሉ፣ ጉልበት ይጨመራል፣ መውረዱም ቀስ ተብሎ ይገታል። የወደቀውን ክንፍ በኤሌሮን ለማንሳት መቸኮል የዚያኑ ክንፍ ማዕዘን የባሰ ስለሚያሳድግ አውሮፕላኑን ወደ ስፒን፣ ማለትም እየተሽከረከረ ወደ መውደቅ፣ ሊያስገባው ይችላል። እንግሊዛዊው አብራሪ ዊልፍሬድ ፓርክ በነሐሴ 1912 እ.ኤ.አ. ከስፒን የወጣው ራደሩን (አፍንጫውን ወደ ግራና ቀኝ የሚያዞረውን፣ በእግር የሚታዘዘውን የጅራት ክፍል) ከሽክርክሪቱ በተቃራኒ በመርገጥ ነበር፤ የዛሬው ማገገሚያም ሞተሩን ወደ ዝቅተኛ ጉልበት አድርጎ፣ ኤሌሮኑን መሐል ላይ ይዞ፣ ተቃራኒውን ራደር ሙሉ በሙሉ ረግጦ መሪውን ወደ ፊት መግፋት ነው።

ከፍታውም ይቆጠራል። አዲስ አበባን በመሰለ፣ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ በሆነ ስፍራ መለኪያው የሚያሳየው የስቶል ፍጥነት ባይለወጥም፣ በሳሳው አየር ውስጥ እውነተኛው ፍጥነት ስለሚበልጥና ተርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተርም ስለሚዳከም ለማገገም ሰፋ ያለ ከፍታ ያስፈልጋል። እጅግ አስጊው ቅጽበት ለማረፍ ወደ ማኮብኮቢያው የሚደረገው የመጨረሻው መዞር ነው፤ አብራሪው መስመሩን አልፎ ሲሄድ በራደር ገፍቶ ለማስተካከል ከሞከረ፣ የውስጠኛው ክንፍ ቀድሞ ይከዳል፣ ለማገገሚያ የሚሆን ከፍታም ከሥሩ የለም።