ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ፦ ፊልሙንም ቀረጻውንም የሚሸጥ ቤት

መጋቢት 1915 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሎስ አንጀለስ አጠገብ አንድ እንግዳ ከተማ ተመረቀ። ስሙ ዩኒቨርሳል ሲቲ። 93 ሄክታር ገደማ በሆነ የእርሻ መሬት ላይ የተሠራ የፊልም መንደር ነው። 25 ሳንቲም የከፈለ ሰው ገብቶ ቀረጻ ያያል። ተዋናዩ ሲወድቅ ይጮኻል፣ ጀግናው ሲያሸንፍ ያጨበጭባል። ፊልሙ ድምፅ አልባ ስለነበር የሚቆጣ የለም። ባለድምፅ ፊልም ሲመጣ ግን ጎብኚው ተሰናበተ።

የሐሳቡ ባለቤት ካርል ሌምሌ ይባላል። በ17 ዓመቱ ከጀርመን አሜሪካ የገባ፣ የልብስ መደብር ያስተዳደረ፣ በ1906 ቺካጎ ላይ ትንሽ ሲኒማ ቤት የከፈተ ሰው ነው። በፊልም መሣሪያ ላይ የፓተንት መብት አለን የሚሉት እነ ኤዲሰን ክፍያ ሲጠይቁት አሻፈረኝ አለ። ክስ ዘነበበት፤ እሱ ግን የራሱን ፊልም መሥራት ጀመረ። በ1912 ከሌሎች ኩባንያዎች ጋር ሆኖ ዩኒቨርሳልን አቋቋመ።

ሌምሌ በዘመድ አዝማድ ቅጥር ይታማ ነበር። ልጁንም ገና በ21 ዓመቱ የስቱዲዮው ኃላፊ አደረገው። ሐሜቱ እውነት ቢሆንም፣ በ1931 የወጡት አስፈሪ ፊልሞች ድራኩላና ፍራንከንስታይን የልጁ ሥራዎች ናቸው። በሌላ በኩል ሽማግሌው ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ዋስ እየሆነ ከ300 በላይ ጀርመናውያን አይሁዶችን ወደ አሜሪካ አስገብቷል። በ1936 ግን አባትና ልጅ የተበደሩትን ገንዘብ መክፈል አቅቷቸው ስቱዲዮውን ተነጠቁ።

ችግሩ ከሥር የመጣ ነበር። ተፎካካሪዎቹ ስቱዲዮዎች ፓራማውንትና ኤምጂኤም ፊልማቸውን የሚያሳዩበት የራሳቸው ሲኒማ ቤቶች ነበሯቸው። ዩኒቨርሳል እንዲህ ያለ መከታ ስላልነበረው ገንዘብ ያጥረዋል። በ1950 ተዋናይ ጄምስ ስቱዋርት የጠየቀውን ደመወዝ መክፈል ስላቃተው ከትርፉ ድርሻ ሰጠው። ያን ውል ለስቱዋርት የተደራደረው ኤምሲኤ የተባለው የተዋናዮች ወኪል ድርጅት ሰው ሉው ዋሰርማን ነው። አስገራሚው ነገር ከዚያ በኋላ የሆነው ነው፦ ኤምሲኤ በ1958 የስቱዲዮውን መሬት በ11 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛ፤ በ1962 ደግሞ ስቱዲዮውን ራሱን ጠቀለለው። ደላላው ባለቤት ሆነ!

ሌላው ሆሊውድ ቴሌቪዥንን እንደ ጠላት ሲያይ ኤምሲኤ የቀረጻ አዳራሾቹን በቴሌቪዥን ድራማ ሞላቸው። በ1964 የሌምሌን ጉብኝት በትራም መለሰው። በ1975 «ጆውስ» የተባለው የሻርክ ፊልም በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ታጅቦ ከ400 በሚበልጡ ሲኒማ ቤቶች በአንድ ጊዜ ወጣ። በዓመቱ ሻርኩ የትራሙ መንገድ ላይ ተተክሎ ጎብኚ ያስደነግጥ ጀመር። አንድ ዓሣ ሁለት ጊዜ ተሸጠ ማለት ነው። ዛሬ ፓርኮቹ ኦርላንዶ፣ ኦሳካ፣ ሲንጋፖርና ቤጂንግ ደርሰዋል።

ባለቤቶቹ ግን አንድ ቦታ አልረጉም። በ1990 የጃፓኑ ማትሱሺታ፣ በ1995 የውስኪ ነጋዴው ሲግራም፣ በ2000 የፈረንሳዩ ቪቬንዲ፣ በ2004 ጄኔራል ኤሌክትሪክ። በመጨረሻ የኬብል ኩባንያው ኮምካስት በ2011 51 በመቶውን፣ በ2013 የቀረውን ወሰደ።

ሰኔ 2008 ግቢው ውስጥ እሳት ተነሣ። የጉብኝቱ ግዙፍ ሰው ሠራሽ ጎሪላ ኪንግ ኮንግ ተቃጠለ፤ በመጋዘን የተቀመጡ የሙዚቃ ማስተር ቅጂዎችም (የመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች) ነደዱ። ኪንግ ኮንግ በ2010 በአዲስ መልክ ተመለሰ። ማስተር ቅጂዎቹ ግን እንደ ጎሪላው እንደገና የሚሠሩ አልነበሩም።