ስለ አፊሊዬት ማርኬቲንግ ስልጠና አባልነት ድሬ ላይ የሚወራው እና እውነታው

ድሬ ላይ አሁን አሁን ከዚራም በሉት ሳቢያን፣ በርጫ ላይም ካፌም ስለ ኦንላይን ስራ ሳይወራ አይዋልም፣ በተለይ በየወሩ እየከፈልክ አፊሊዬት ማርኬቲንግ ስለምትማርባቸው ኮሚዩኒቲዎች። ግማሹ "ሌቦች ናቸው" ይላል፣ ግማሹ ደግሞ "ገብቼ ዓመት ከቆየሁ ስራዬን ለቅቄ ቁጭ እላለሁ" ይላል። እኔ እንደዚህ አይነት ኮሚዩኒቲ ውስጥ ለዓመታት የቆየሁ ሰው ነኝ፣ ሁለቱም ወሬ ያናድደኛል፣ ምክንያቱም በአንዱ ወሬ ገንዘቡን በሌላው እድሉን የሚያጣው የኛው ሰፈር ልጅ ነው። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ።

ለማያውቅ ሰው፣ አሸዋ ገበያ ገዢና ሻጭ አገናኝቶ ኮሚሽኑን የሚወስድ ደላላ አለ አይደል፣ አፊሊዬት እሱ ነው፣ እዚህ የሚያገናኘው ሊንክ ነው እንጂ። የአሜሪካው የኦንላይን ሱቅ አማዞን ይሄን ከ1996 እ.ኤ.አ ጀምሮ እየሰራበት ነው፣ ትናንት የመጣ ነገር አይደለም።

"ፒራሚድ ነው በቃ!"

ይሄን በሚሉት አልፈርድም። "ሁለት ሰው አስገባ፣ እነሱም ሁለት ሁለት ያስገቡ" እየተባለ ስንት ቤተሰብ ወርቁን ሸጦ እንደገባ ሁላችንም እናውቃለን፣ እናቶች የእቁብ ብራቸውን ይዘው የገቡበት ነገር ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም የፒራሚድ ሽያጭን ከልክሏል። ግን ሁሉንም ነገር ፒራሚድ ማለት አይሆንም፣ መለያውም ከባድ አይደለም። አንድም ሰው ሳታስገባ ብር መስራት ትችላለህ ወይ ብለህ ጠይቅ። ፒራሚድ ላይ አትችልም፣ ምክንያቱም የሚከፋፈለው ብር አዲስ ከገባው ሰው ኪስ የወጣ ብር ነው፣ ሰው መግባት ያቆመ ቀን ነገሩም ይቆማል። ደህና የስልጠና ኮሚዩኒቲ ላይ ግን ዌብሳይት መስራት ትማራለህ፣ ስለ ቡና ማፍያም ይሁን ስለ ሩጫ ጫማ ትጽፋለህ፣ አሜሪካ ያለ ሰው አንብቦ በሊንክህ ሲገዛ ሻጩ ይከፍልሃል፣ ኮሚዩኒቲው ውስጥ ማን ገባ ማን ወጣ አያገባህም።

አንድ መደበቅ የሌለበት ነገር ግን አለ፣ አብዛኞቹ ኮሚዩኒቲዎች "ሰው ካመጣህ ከክፍያው ኮሚሽን እንሰጥሃለን" የሚል የራሳቸው ፕሮግራም አላቸው። እሱ ብቻውን ፒራሚድ አያደርጋቸውም፣ አንተ ላመጣኸው ሰው ብቻ ከሆነ የሚከፈልህ፣ እሱ ስላመጣው፣ ያኛው ስላመጣው እያለ ወደታች ካልወረደ። ግን ስልጠናው ራሱ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ የሚያስተምርህ ሌላ ሰው ወደ ስልጠናው እንዴት እንደምታስገባ ብቻ ከሆነ ወንድሜ እህቴ ውጡ፣ ጓደኞቻችሁን ሳታስገቡ ውጡ።

"ብዙ ዓመት የቆየ አባል ሀብታም ነው"

ይሄኛው ነው በጣም የሚጎዳው። ኮሚዩኒቲ ውስጥ ራንክ (ደረጃ) አለ፣ ባጅ (ከስም ጎን የሚለጠፍ ምልክት) አለ፣ "የስድስት ዓመት አባል" የሚል ከስም ስር ይጻፋል፣ አዲስ የገባ ልጅ ያንን አይቶ ሰውየው ሚሊየነር ይመስለዋል። ራንክ አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው ኮሚዩኒቲው ውስጥ ምን ያህል እንደምትሳተፍ ነው፣ ስንት ኮመንት ሰጠህ፣ ስንት ጥያቄ መለስክ ምናምን። ገቢህን ማንም አይቶ አይደለም ራንክ የሚሰጥህ። ለዓመታት ቻት ላይ እየዋለ ዌብሳይቱ ላይ አስር ጽሁፍ የሌለው ሰው አለ፣ በተቃራኒው ድምጿን ሰምታችሁ የማታውቋት፣ ጥያቄ ሲገጥማት ብቻ ብቅ የምትል፣ ግን በየሳምንቱ ሳታቋርጥ አንድ ጽሁፍ የምታወጣ ልጅ አለች፣ ስራው ያለው እሷ ጋ ነው። አባልነት በዓመት አይከፍልም፣ የሚከፍለው ያወጣችሁት ጽሁፍ ነው፣ እሱም ሰው ካነበበው።

ከቆዩ አባላት ግን የሚገኝ ትልቅ ነገር አለ፣ እሱን አልክድም። ጎግል አሰራሩን ሲቀይር የሳይታቸው ጎብኚ እንዴት እንደወረደ ያዩ ሰዎች ናቸው፣ አማዞን 2020 እ.ኤ.አ ሚያዝያ ላይ የሚከፍለውን ኮሚሽን ሲቀንስ ምን እንዳደረጉ ይነግሯችኋል። ስለዚህ "ስንት ትሰራለህ" ብላችሁ ከምትጠይቁ "ሳይትህን ላየው" በሏቸው፣ የሚያሳይ ሰው ጋ ተጠጉ።

"ስድስት ወር ታገስ፣ ከዛ ደሞዝ ይጀምራል"

ደሞዝ የሚባል የለም። ሂሳቡን እንየው፣ ሀረር ቡና እንውሰድ፣ እኛ የምናውቀው ነገር ስለሆነ። አንዲት የሀረር ልጅ ስለ ሀረር ቡና በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሳይት ከፈተች እንበል፣ ፍሬው ከነገለባው በፀሐይ እንደሚደርቅ፣ ለምን የፍራፍሬ ጣዕም እንዳለው፣ ጁገል ውስጥ እንዴት እንደሚፈላ ከቤቷ ታውቀዋለች። አማዞን ላይ ቡናው ራሱ ግሮሰሪ ስለሆነ ኮሚሽኑ 1 ፐርሰንት ነው፣ 15 ዶላር የሚሸጥ ቡና ብታሸጥ 15 ሳንቲም። ማፍያው ግን የወጥ ቤት እቃ ነው፣ 4.5 ፐርሰንት፣ 40 ዶላር በሆነ እቃ 1 ዶላር ከ80። እና ይሄ ሁሉ ሰውየው ሊንኩን ከነካ በ24 ሰዓት ውስጥ እቃውን ቅርጫት ውስጥ ካስገባ ነው፣ ነገ ከነገ ወዲያ ተመልሶ በራሱ ቢገዛ የሷ አይደለም። በዛ ላይ በ180 ቀን ውስጥ ቢያንስ 3 ሽያጭ ካልመጣ አካውንቱ ይዘጋል (እንደገና ማመልከት ይቻላል)፣ ሽያጩ መጥቶም ክፍያው ወሩ ካለቀ ወደ 60 ቀን ገደማ ቆይቶ ነው። በራስህ ሊንክ ራስህ ብትገዛ ደግሞ አይቆጠርም፣ እንዳትሞክሩት።

ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም ይሄን የምለው። ከአማዞን የተሻለ የሚከፍሉ ፕሮግራሞች አሉ፣ ቡናውን ቆልተው የሚሸጡት ድርጅቶች ራሳቸው አንዳንዶቹ አፊሊዬት አላቸው፣ ሶፍትዌር የሚሸጡት ደግሞ ደንበኛው እስከከፈለ ድረስ በየወሩ የሚከፍሉም አሉ። ግን ቁጥሩን ሳያውቅ የቤት ኪራይ በዚህ እከፍላለሁ ብሎ ስራ የሚለቅ ልጅ ሳይ ያመኛል።

"ሁሉም ዩቲዩብ ላይ በነፃ አለ፣ የሚከፍል ሞኝ ነው"

ትምህርቱ አዎ አለ። የምትከፍሉት ግን ሲበላሽባችሁ ለምትጠይቁት ሰው ነው፣ ጽሁፋችሁን አንብቦ "ይሄ አንቀጽ አይሸጥም" ለሚላችሁ። ያንን ካልተጠቀማችሁበት በነፃው ተማሩ፣ የምሬን ነው። ዋጋውም ቀላል አይደለም፣ ለምሳሌ ዌልዚ አፊሊዬት የሚባለው ከ2005 እ.ኤ.አ ጀምሮ ያለ የስልጠና ኮሚዩኒቲ ፕሪሚየም (የሚከፈልበት) አባልነቱ ለዓመታት በወር 49 ዶላር ነበር፣ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ እያለ ይሄ 2,800 ብር ገደማ ነው፣ ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ወራት ሳይቆይ ዶላር 120 ሲያልፍ ያው 49 ዶላር ወደ 6,000 ብር ሆነ። ባጃጅ ነድቶ ለሚያድር ልጅ ይሄ ትልቅ ብር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በነፃው ጀምሩ፣ ጥቂት ጽሁፎች ጽፋችሁ የምትጠይቁት ጥያቄ ሲጠራቀም ያኔ ግቡ።

"ኤአይ ይጽፍልኛል፣ እኔ መለጠፍ ብቻ"

ጎግል 2024 እ.ኤ.አ መጋቢት ላይ ፍለጋ ላይ ከላይ ለመውጣት ብቻ በጅምላ የሚመረት ጽሁፍን እንደ ስፓም እንደሚቆጥር በግልጽ አውጇል፣ በሰውም ይጻፍ በማሽን። እንግሊዝኛ ለማስተካከል ተጠቀሙበት፣ ግን የሀረርን ቡና ያልቀመሰ ማሽን ከሀረር ልጅ የተሻለ አይጽፍም። እና ሊንኩ ኮሚሽን እንደሚያስገኝላችሁ ለአንባቢው ከላይ ጻፉ፣ የአሜሪካ ሕግም አማዞንም ይጠይቃሉ፣ ሳይጠይቁም ለሰው መናገር ነው ያለብን።

"ከወጣሁ ሁሉ ነገሬ ይጠፋል"

ብዙ ሰው መክፈል እያቃተው እንኳን የማይወጣው በዚህ ፍራቻ ነው። እውነት የሆነው ይሄ ነው፣ ብዙ ኮሚዩኒቲ ሆስቲንጉን (ሳይቱ ኢንተርኔት ላይ የሚቀመጥበትን ቦታ) ከአባልነቱ ጋር ስለሚሰጥ መክፈል ስታቆሙ ሳይቱ ሊዘጋ ይችላል። ዶሜኑ (የሳይቱ ስምና አድራሻ) ግን በስማችሁ ከተመዘገበ የናንተ ነው፣ ዓመታዊ ክፍያውን እስከከፈላችሁ ድረስ ማንም አይወስደውም። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት ርካሽ ሆስቲንግ ሌላ ቦታ ግዙ፣ ሳይቱ በወርድፕረስ (ሳይት መስሪያ ፕሮግራም) የተሰራ ከሆነ ቱልስ ውስጥ ኤክስፖርት ብላችሁ ጽሁፎቹን አውርዱ፣ ያ ፋይል ፎቶዎቹን ራሳቸውን ስለማይዝ ፎቶዎቹን ለብቻ አውርዱ። ዶሜን ከተመዘገበ ወይ ከተዛወረ 60 ቀን ካልሞላው አብዛኛውን ጊዜ ማዛወር አይቻልም፣ ከሞላው ግን የማዛወሪያ ኮዱን ዶሜኑ ከተመዘገበበት ቦታ ጠይቃችሁ ውሰዱት። አዲሱ ቦታ ላይ ሳይቱ በትክክል መከፈቱን በስልካችሁ ዳታ አይታችሁ ካረጋገጣችሁ በኋላ ነው አባልነቱን የምትሰርዙት፣ ሰርዛችሁም በሚቀጥለው ወር ካርዳችሁ ላይ እንዳልተቆረጠ እዩ።