ክራውትሮክ ምንድን ነው? የጎመኑ ሮክ

ስሙ ስድብ ነው። «ክራውት» በጀርመንኛ ቅጠላ ቅጠልም ነው፣ ጎመንም ነው። ጀርመኖች ጥቅል ጎመን ከትፈው፣ በጨው አስኮምጥጠው ይበላሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞችና አሜሪካኖች የጀርመን ወታደር ላይ የለጠፉት ቅጽል ስም ይኸው ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ከጀርመን አንድ ግራ የሚያጋባ ሮክ ሲመጣ፣ የእንግሊዝ የሙዚቃ ጋዜጦች ያቺኑ ቃል አነሱና ክራውትሮክ አሉት።

ፋውስት የተባለው ባንድ ምን አደረገ? በ1973 ባወጣው አልበም መክፈቻ ላይ 12 ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ ሙዚቃ አስቀመጠና ርዕሱን «ክራውትሮክ» አለው። ሰደባችሁን? እንካችሁ!

ነገሩ ግን ቀልድ ብቻ አልነበረም። ልጆቹ በጦርነቱ ዙሪያ የተወለዱ ናቸው። የአባቶቻቸውን ዘመን ዘፈን አልፈለጉም፤ አሜሪካኖችን መኮረጅም ሰልችቷቸዋል። ጎመን በጤና ብለው መቀመጥ ሲችሉ ከዜሮ ጀመሩ። ኮሎኝ ውስጥ ካን የተባለው ባንድ በ1968 ተመሠረተ፤ ሁለቱ አባላቱ የጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ የሽቶክሃውዘን ተማሪዎች ነበሩ። በርሊን ታንጀሪን ድሪም ነበረ። ዱሰልዶርፍ ደግሞ ክራፍትቨርክ። ትርጉሙ የኃይል ማመንጫ ጣቢያ ነው። ለባንድ እንዲህ ያለ ስም!

እኔን የማረከኝ ምቱ ነው። ሞቶሪክ ይሉታል። ጠረጴዛ ላይ ሞክሩት፦ ዱም-ዱም-ጣ-ዱም፣ ዱም-ዱም-ጣ-ዱም። አይፈጥንም፣ አይዘገይም፣ ማዞሪያም የለውም። ሌሊት አገር አቋራጭ መንገድ ላይ፣ ሹፌሩ ዝም ብሎ እየነዳ፣ ምሰሶዎቹ እያለፉ ሲሄዱ ያለው ስሜት ነው። ስሙ የተነሣው ክላውስ ዲንገር በተባለው ድራመር ነው፤ ራሱ ግን ቃሉን አይወደውም ነበር። ዲንገርና ጊታሪስቱ ሚካኤል ሮተር ከክራፍትቨርክ ወጥተው ኖይ! የተባለውን ባንድ አቋቋሙ። «አዲስ!» ማለት ነው፣ ከነቃለ አጋኖው።

የእነዚህ ሰዎች ሁለተኛ ሸክላ ታሪክ ያስቀኛል። ዓመቱ 1973 ነው። አንዱን ገጽ ቀድተው ሳይጨርሱት አይቀሩም፣ ገንዘቡ አለቀ። ስቱዲዮ በነጻ አይገኝም። ታዲያ ቀደም ብለው ያወጡትን ትንሽ ሸክላ አመጡና ማጫወቻው ላይ በደቂቃ 78 ዙር አስሮጡት። ቀጠሉና በ16 ዙር አንቀረፈፉት። ያንን ቀድተው ሁለተኛውን ገጽ ሞሉት። ገንዘቡን ከፍሎ የገዛ ሰው ቢናደድ አይፈረድበትም። ዛሬ ግን ይህንኑ ሪሚክስ ብለን እንጨፍርበታለን።

ክራፍትቨርኮች በበኩላቸው ጊታሩን እየተዉ ወደ ማሽን ሄዱ። በ1974 ስለ አውራ ጎዳና ከ22 ደቂቃ በላይ የሚረዝም ሙዚቃ ሠሩ። ሲጀምር የመኪና በር ይዘጋል፣ ሞተር ይነሳል፣ ክላክስ ይጮሃል። በ1981 ደግሞ ስለ ኪስ ካልኩሌተር ዘፈኑ። መድረክ ላይ ካልኩሌተሯን ወደ ሕዝቡ ዘርግተው፣ ፊት የቆመ ሰው ቁልፏን እንዲጫን ይጋብዙ ነበር። ፊታቸው ላይ ፈገግታ አትፈልጉ። ቀልዱም እዚያው ላይ ነው።

ከየት ልጀምር የሚል ካለ የኖይ!ን «ሃሎጋሎ» ይክፈት፤ 10 ደቂቃ ነው። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ «መቼ ነው የሚጀምረው?» ካላችሁ፣ ጀምሯል።