የደቀቀ ብረትን ስለሚለዩ ማሽኖች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በመርካቶ፣ በተለይም በምናለሽ ተራና በሱማሌ ተራ፣ ውዳቂ ብረት የሚገዙና የሚሸጡ ሰዎች አንድን መኪና ከደቂቃ ባነሰ ጊዜ አድቅቀው ብረቱን፣ አልሙኒየሙንና መዳቡን በየፈርጁ ስለሚያወጡ የውጭ አገር ፋብሪካዎች ሲነጋገሩ መስማት የተለመደ ነው። ማሽኖቹ በእርግጥ የሚደነቁ ናቸው። ይሁንና እያንዳንዱ ማሽን የሚለየው አንድን የተወሰነ ጠባይ እንጂ የብረቱን ዓይነት አይደለም፤ ይህን ካለመረዳት የመነጩ በርካታ የተሳሳቱ አመለካከቶችም አሉ።

«ማግኔት ካለ ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም።»

ማግኔት ርካሽና አስተማማኝ መሣሪያ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን የሚያነሣው የሚስበውን ብቻ ሳይሆን፣ ከሚስበው ጋር ተያይዞ የቀረውንም ጭምር ነው። የመኪና ሞተሪኖን፣ ማለትም ሞተሩን የሚያስነሣውን የኤሌክትሪክ ሞተር እንመልከት። በውስጡ ያለው የብረት እምብርት በመዳብ ሽቦ የተጠቀለለ በመሆኑ፣ የማድቀቂያው መዶሻዎች ሽፋኑን ቢሰባብሩትም እምብርቱ ከነመዳቡ የጨበጡት ቡጢ መስሎ ይወጣል፤ ማግኔቱም እንዳለ አንሥቶ ከብረቱ ክምር ይቀላቅለዋል። ብዙ ፋብሪካዎች ከማግኔቱ ቀጥሎ ባለው ተንቀሳቃሽ ቀበቶ ዳር መዳብ ያለባቸውን በእጅ የሚለቅሙ ሠራተኞችን የሚያቆሙት ለዚህ ነው። በሌላ በኩል፣ ለወጥ ቤት ዕቃ የሚውለው የማይዝግ ብረት አብዛኛው በማግኔት ስለማይሳብ፣ «ማግኔት ካልሳበው ብረት አይደለም» የሚለውም አባባል አያስኬድም።

«የቀረውን ቆሻሻ ምድጃው ያጠራዋል።»

ከሁሉም የበለጠ ጉዳት የሚያደርሰው አመለካከት ይህ ነው። ከብረት ጋር ወደ ምድጃ የገባ አልሙኒየም ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ በቀለጠው ብረት ላይ ወደሚንሳፈፈው ዝቃጭ (ስላግ) ይሄዳል፣ ዚንክም ተንኖ ከጭስ አቧራው ጋር ይወጣል፤ ሁለቱም ቢባክኑም ብረቱን ለቀው ይሄዳሉ። መዳብ ግን እንዲህ አይደለም። ከኦክስጅን ጋር የመዋሐድ ዝንባሌው ከብረት ያነሰ በመሆኑ፣ መዳቡን አቃጥሎ ለማስወጣት መሞከር አስቀድሞ ብረቱን ማቃጠል ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ የገባ መዳብ እዚያው ይቀራል፤ ያ ብረት አርጅቶ እንደገና በቀለጠ ቁጥርም ሌላ መዳብ ይታከልበታል። በአንድ ቶን ብረት ውስጥ 4 ኪሎ ግራም መዳብ ቢገኝ 0.4 በመቶ ይሆናል፤ ይህም ለግንባታ ፌሮ እንኳ የመቻያው ጫፍ አካባቢ ሲሆን፣ ለመኪና አካል የሚሆን ላሜራ ግን ከ0.1 በመቶ በታች ይፈልጋል። መጠኑ ሲያልፍ፣ የጋለው ብረት ገጽ በኦክስጅን እየተበላ ሲሄድ መዳቡ ከሥሩ ይጠራቀማል፤ በ1,085 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀልጥም በብረቱ ቅንጣቶች መካከል ሰርጎ፣ ብረቱ በመዳመጫው ሲያልፍ ገጹ እንዲሰነጣጠቅ ያደርገዋል። ምናለሽ ተራ ተቀምጦ በመሮና በመዶሻ የሞተሪኖውን መዳብ መንግሎ የሚያወጣ ሠራተኛ ሥራውን ለመዳቡ ዋጋ ሲል ቢሠራውም፣ በዚያው እጁ ማቅለጫው በኋላ ሊያደርገው የማይችለውን የማጥራት ሥራ እየሠራ ነው። ይህ ሥራ የሚገባውን ክብር አግኝቷል ብዬ አላምንም።

«የኤዲ ከረንት ማሽን እንደ አልሙኒየምና መዳብ ያሉትን፣ ከብረት ውጭ ያሉ ሜታሎች ሁሉ ያወጣል።»

በዚህ ማሽን ቀበቶ ጫፍ ውስጥ ማግኔቶች የተደረደሩበት ከበሮ በደቂቃ እስከ 3,000 ዙርና ከዚያም በላይ ይሽከረከራል። የሚለዋወጠው የማግኔት ኃይል በሚያልፈው ቁራጭ ውስጥ የኤሌክትሪክ ዥረት ይፈጥራል፤ ዥረቱም ቁራጩን ወደ ፊት ገፍቶ ያስፈነጥረዋል። ርቀቱን የሚወስነው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ችሎታው ከመጠኑ አንጻር ካለው ክብደት ጋር ሲነጻጸር ነው። በመሆኑም መዳብ ከአልሙኒየም የተሻለ አስተላላፊ ቢሆንም በክብደቱ ምክንያት ግፊቱን የሚቀበለው በግማሽ ያህል ነው፤ እርሳስ ደግሞ ከአልሙኒየም ከ30 ጊዜ በላይ ያንሳል፤ የማይዝግ ብረት እንዲያውም ከነጭራሹ አይፈናጠርም ማለት ይቻላል። ፕላስቲክ የለበሰ ቀጭን የመዳብ ሽቦም ከጎማውና ከስፖንጁ ጋር አብሮ ይወድቃል። ይህን የሚያወጡት መዳብም ሆነ ሌላ ሜታል ሲያልፍባቸው የሚያውቁ ጠቋሚዎችና በእነርሱ ትእዛዝ የሚተነፍሱ የአየር ቀዳዳዎች ናቸው።

«ኤክስሬይ ያለው ማሽን አይሳሳትም።»

በውስጥ የሚያልፍ ኤክስሬይ ቀላሉን አልሙኒየም ከከባዶቹ ብረቶች በሚገባ ይለያል፤ መዳብን፣ ዚንክንና የሁለቱ ቅይጥ የሆነውን ናስ ለመለየት ግን ይቸገራል። የገጽን ጥንቅር የሚያነቡት ሌሎቹ መሣሪያዎች ደግሞ ቀለምና ጭቃ ያሳስታቸዋል። ቁራጮቹ ከተደራረቡም የአየር ግፊቱ ጎረቤቱን ጨምሮ ይወረውራል፤ ስለዚህ አስቀድሞ በወንፊት በመጠን መለየትና በአንድ ንጣፍ ማሰራጨት የግድ ነው።

«በደቀቀ መጠን ይሻላል።»

ማድቀቅ የተጣበቀውን ያላቅቃል። ነገር ግን ከልክ ሲያልፍ ኃይል ይበላል፣ መዶሻ ይጨርሳል፤ በጣም ትንንሾቹን ቁራጮችም ከአቧራው ነጥሎ ማውጣት አስቸጋሪ ይሆናል።

«አልሙኒየም ያው አልሙኒየም ነው።»

አልሙኒየምን መልሶ ማቅለጥ ከማዕድኑ ከማምረት ወደ 95 በመቶ የሚጠጋ ኃይል ይቆጥባል። ቁጠባው ለሁሉም ቅይጥ ቢሠራም የሚገኘው ምርት ግን አንድ ዓይነት አይደለም፦ ብዙ ሲሊከን ያለበት ፒስተን ከመስኮት ፍሬም ጋር ከቀለጠ፣ ከድብልቁ ተመልሶ የመስኮት ፍሬም አይሠራም። በሌዘር የሚያነቡ አዳዲስ ማሽኖች ቅይጦችን መለየት ጀምረዋል፤ በፒያሳ ከፈረሱ ሕንጻዎች የሚነቀል ፍሬም ግን ማድቀቂያ ሳይነካው፣ ለብቻው ተከምሮ ቢሸጥ ያንኑ ንጽሕና ያለ ሌዘር ያስገኛል።