ቦክስ ኦፊስ ምንድን ነው?

ቦክስ ኦፊስ አንድ ፊልም በሲኒማ ቤቶች ሲታይ ከትኬት ሽያጭ የተሰበሰበው ጠቅላላ ገንዘብ ነው። ትርፍ አይደለም። ፊልሙን የሠራው ኩባንያ እጅ የገባው ገንዘብም አይደለም። ተመልካቹ በትኬት መስኮት የከፈለው፣ ማንም ሳይካፈለው፣ ወጪ ሳይቀነስለት እንዳለ የተደመረ ሒሳብ ነው። ይህን አንድ ነገር ጠንቅቆ የያዘ ሰው ደብረ ብርሃን ውስጥ በየካፌው ከሚነሡት የፊልም ክርክሮች ግማሹን በቀላሉ ይፈታቸዋል።

ክርክሩ ደግሞ የዋዛ አይደለም። ብርዱ በር በሚያዘጋበት በአንድ የኅዳር ምሽት፣ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኪያቷቸው እየቀዘቀዘ እንዲህ ሲባባሉ ሰምቻለሁ።

«ኢንድጌም አቫታርን በልጦታል፤ ይህማ ያለቀ ነገር ነው።»

«የት ነው ያለኸው አንተ? አቫታር ቦታውን ካስመለሰ ቆየ እኮ!»

«እንዴት አድርጎ? ፊልሙ የወጣው በ2009 አይደል እንዴ?»

ሁለቱም እውነት አላቸው። «አቬንጀርስ፦ ኢንድጌም» እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2019 ወጥቶ፣ በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ «አቫታር»ን በጥቂት ልዩነት አልፎ የዓለም አንደኛ ሆነ። ጠቅላላ ገቢውም 2.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ደረሰ። ነገር ግን በማርች 2021 «አቫታር» በቻይና ሲኒማ ቤቶች እንደገና ሲታይ ተጨማሪ ትኬት ተሸጠለትና ወንበሩን መልሶ ያዘ። በ2022 ደግሞ በብዙ አገሮች ዳግም ታይቶ ድምሩ ወደ 2.92 ቢሊዮን ዶላር ወጣ። የቦክስ ኦፊስ ሒሳብ በመጀመሪያው ዙር አይዘጋም፤ ፊልሙ ከዓመታት በኋላ ወደ ሲኒማ ቤት በተመለሰ ቁጥር አዲሱ ሽያጭ በድሮው ላይ ይደመራል። ልጆቹ የተለያዩት በፊልሞቹ ሳይሆን በዓመተ ምሕረቱ ነበር።

ቁጥሩ ከየት ይመጣል? በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች የትኬት መሸጫው ኮምፒውተር የዕለቱን ሽያጭ ኮምስኮር ወደሚባለው የመለኪያ ድርጅት ያስተላልፋል። ፊልም ሠሪዎቹ ኩባንያዎች እሑድ ዕለት የዓርብን፣ የቅዳሜንና የእሑድን ድምር ይፋ ያደርጋሉ። ያን ጊዜ የእሑዱ ሽያጭ ገና ስላላለቀ ከፊሉ ግምት ነው፤ የተጣራው ቁጥር ሰኞ ይወጣል። እሑድ ማታ በስልክ ላይ ባዩት ቁጥር ተወራርደው ሰኞ የሚጣሉ ሰዎች ጠባቸው ከዚህ የመጣ ነው። ቦክስ ኦፊስ ሞጆ እና ዘ ነምበርስ የሚባሉት ድረ ገጾች ይህንን ሰብስበው ስለሚያወጡ፣ በሰሜን ሸዋ ከተሞች፣ መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ ላይ ስልኩን የከፈተ ወጣት ሎስ አንጀለስ ካለ ሰው እኩል ሒሳቡን ያያል። እኔ ከፊልሙ ኢንዱስትሪ ሥርዓቶች ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህንን ግልጽነት ነው። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፦ በእነዚህ ሰሌዳዎች ላይ «የሀገር ውስጥ» ተብሎ የሚቀመጠው የአሜሪካ ገቢ ካናዳንም ይጨምራል።

አሁን ወደ ትልቁ ስሕተት እንምጣ። «ፊልሙ 400 ሚሊዮን ዶላር አስገብቶ እንዴት ከሰረ ይባላል?» የሚለው ጥያቄ በየጊዜው ይነሣል። በግ ነጋዴ አንድ ሙክት ደብረ ብርሃን ገበያ ላይ በ15 ሺህ ብር ሸጠ ማለት 15 ሺህ ብር አተረፈ ማለት አይደለም፤ መጀመሪያ የገዛበት ዋጋ፣ የመኖው፣ ከመንዝ ያመጣበት የመኪና ኪራይ አለበት። ከትኬት የተሰበሰበውን ገንዘብም መጀመሪያ የሚካፈለው ሲኒማ ቤቱ ነው። በአሜሪካ ለፊልሙ ኩባንያ የሚደርሰው በአማካይ ግማሽ ያህሉ ነው። ከአሜሪካ ውጭ ድርሻው ብዙ ጊዜ ከዚያ ያንሳል፤ በቻይናማ ገቢያቸውን በሚጋሩት የውጭ ፊልሞች ላይ 25 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ ከቻይና የመጣ 100 ሚሊዮን ዶላር እና ከአሜሪካ የመጣ 100 ሚሊዮን ዶላር በሰሌዳው ላይ አንድ ሆነው ይታዩ እንጂ ለባለ ፊልሙ አንድ አይደሉም።

ከዚያ በኋላ ማስታወቂያ አለ። ስለ ፊልም «በጀት» ሲወራ የሚጠቀሰው የመሥሪያው ወጪ እንጂ የማስታወቂያው አይደለም። ለትልልቅ ፊልሞች ማስታወቂያው ብቻውን 100 ሚሊዮን ዶላርና ከዚያም በላይ ይወስዳል። በዚህ ምክንያት ነው የፊልም ሰዎች አንድ ፊልም ወጪውን ለመመለስ የመሥሪያ በጀቱን ሁለት ወይም ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ከትኬት መሰብሰብ አለበት የሚሉት። ሕግ አይደለም፤ የአዋቂ ግምት ነው፤ ግን ለክርክር ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው «ዘ ማርቭልስ» ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበት በዓለም ዙሪያ የሰበሰበው 206 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ላይ ላዩን ሲታይ ወጪና ገቢ የተመጣጠኑ ይመስላል፤ እውነቱ ግን ከባድ ኪሳራ ነው። በ2017 የወጣው «ጌት አውት» ደግሞ በ4.5 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶ 255 ሚሊዮን ዶላር ያህል አስገባ። በቢሊዮኖች ሰልፍ ውስጥ ስሙ አይጠራም፤ ባለቤቶቹን ግን ከወጪው አንጻር ሲታይ ቢሊዮን ካስገቡ ብዙ ፊልሞች ይልቅ ጠቅሟል። እኔን ብትጠይቁኝ ከወጪው አንጻር የሚታየው ገቢ ከጠቅላላው ገቢ ይልቅ ስለ ፊልሙ ይናገራል።

ሌላው በየክርክሩ የሚነሣው የመክፈቻው ሳምንት መጨረሻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ይህን ያህል ክብር ያገኙት በተለይ እ.ኤ.አ. ከ1975 ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ብዙ ፊልም ከከተማ ወደ ከተማ ቀስ እያለ ይዞር ነበር። በዚያ ዓመት «ጆውስ» በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ታጅቦ ከ400 በሚበልጡ ሲኒማ ቤቶች በአንድ ቀን ተከፈተና የሥራው መንገድ ተለወጠ። ዛሬ ኩባንያዎቹ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት የሚገኘውን ሁሉ አፍሰው ለመያዝ ይሮጣሉ። ይሁን እንጂ መክፈቻው የሚነግረን ሰዉ ፊልሙን ምን ያህል እንደጓጓለት ነው፤ መውደዱን የሚናገረው ሁለተኛው ሳምንትና ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

«ታይታኒክ»ን ተመልከቱ። በዲሴምበር 1997 ሲከፈት በአሜሪካ የመጀመሪያ ሦስት ቀናት ገቢው 28.6 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ለ200 ሚሊዮን ዶላር ፊልም ይህ የሚያስደነግጥ ቁጥር ነው። ነገር ግን አልወረደም። 15 ሳምንት በተከታታይ አንደኛ ሆኖ ቆየ፤ በዚያ ዙር በአሜሪካ ብቻ 600 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ፤ ይህም የመክፈቻው ሃያ አንድ እጥፍ ነው። «ኢንድጌም» በተቃራኒው በ357 ሚሊዮን ዶላር ተከፍቶ በ858 ሚሊዮን ዶላር ጨረሰ፤ ሁለት እጥፍ ተኩል እንኳ አይሞላም። የ«ኢንድጌም»ን ታላቅነት አልክድም፤ ሕዝቡ ለዓመታት ሲጠብቀው የኖረ ፊልም ነው። «ታይታኒክ» ግን ያየው ሰው ላላየው እየነገረ፣ ያየውም እየደገመ ያቆመው ገቢ ነው። ሰው ለሰው የሚያስተላልፈው ወሬ በገንዘብ ሲለካ ምን እንደሚመስል ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

የዘመናትን ፊልሞች እርስ በርስ ስናወዳድር ደግሞ የትኬት ዋጋ ይመጣል። በአሜሪካ አማካይ የትኬት ዋጋ በ1997 4.59 ዶላር ነበር፤ በ2019 9.16 ዶላር ሆነ። ከ1997 ጋር ሲተያይ የ2019 ፊልም ግማሽ ያህል ተመልካች ይዞ እኩል ገቢ ያስመዘግባል ማለት ነው። የዋጋ ንረቱ ተስተካክሎ ሲሰላ እስካሁን በአንደኝነት የሚጠቀሰው በ1939 የወጣው «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ነው።

የምንዛሪውን ነገር እኛ ኢትዮጵያውያን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻንም። የዓለም ገቢ የሚደመረው በዶላር ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ማሻሻያ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ከ100 ብር አልፎ ሄደ። አንድ ፊልም አዲስ አበባ ላይ 5.7 ሚሊዮን ብር ቢሰበስብ በፊት 100 ሺህ ዶላር ይባልለት ነበር። ዶላሩ 114 ብር ሲሆን ያው ገንዘብ፣ ያው ተመልካች፣ ያው የሞላ አዳራሽ 50 ሺህ ዶላር ብቻ ይሆናል። ገንዘባቸው በወደቀባቸው አገሮች ሁሉ የሚሆነው ይኸው ነው። የአንድ ፊልም ሁለተኛ ክፍል «ከመጀመሪያው ያነሰ አስገባ» ሲባል ተመልካቹ ቀንሶ ነው ወይስ ምንዛሪው ወርዶ ነው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

እነዚህን ነገሮች በአንድ ወቅት ለአንድ የቀድሞ የቪዲዮ ቤት ባለቤት ሳስረዳ የመለሱልኝ ጥያቄ እስካሁን አልለቀቀኝም። ቪዲዮ ቤታቸውን የሚያውቅ ያውቀዋል፦ መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ የተጋረደ፣ የእንጨት አግዳሚ የተደረደረበት፣ ቴሌቪዥኑ ከፍ ብሎ በብረት ሣጥን የተቀመጠበት፣ የቀኑ ፊልሞች በጠመኔ ተጽፈው በር ላይ የቆሙበት ክፍል። «ታዲያ ልጄ» አሉኝ፣ «እኔ በር ላይ የተቀበልኩት ሳንቲም እዚያ ሒሳብ ውስጥ የለም?»

«የለም ጋሼ» አልኳቸው።

«ይህ ሁሉ ሰው ሲያየው?»

ቦክስ ኦፊስ የሚቆጥረው ፈቃድ ባለው ሲኒማ ቤት የተሸጠ ትኬትን ብቻ ነው። በቪዲዮ ቤት የታየ፣ በአማርኛ ተራኪ ተተርጉሞ በሲዲ የተሸጠ፣ በፍላሽ ተገልብጦ ከደብረ ብርሃን ጣርማ በርን አቋርጦ ሸዋ ሮቢት የወረደ፣ በቴሌግራም የተላለፈ ፊልም በየትኛውም የቦክስ ኦፊስ ሰሌዳ ላይ የለም። ይህ የቅጂ መብት ጥሰት ያለበት ጉዳይ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ባለሙያው ከድካሙ ዋጋ ማግኘት አለበት። ነገር ግን ጋሼ የጠየቁት ስለ ገንዘብ አልነበረም፤ ስለ ተመልካች ነበር። በሕጋዊው መንገድም ቢሆን ከሲኒማ ቤት ውጭ ያለ ፍቅር አይቆጠርም። «ዘ ሾውሻንክ ሪደምፕሽን» እ.ኤ.አ. በ1994 ሲወጣ 25 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት በመጀመሪያ ዙሩ ያስገባው 16 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ከሰረ ተባለ። ከዚያ በቪዲዮ ኪራይና በቴሌቪዥን ቤት ለቤት ገባ፤ ዛሬ ተመልካቾች ድምፅ በሚሰጡበት የአይኤምዲቢ ድረ ገጽ ሰንጠረዥ ላይ ለዓመታት በአንደኝነት የተቀመጠ ፊልም ነው። የሲኒማ ቤት ገቢው ግን ትንሽ ቁጥር ሆኖ ቀርቷል።

የእኔ ቁጭት ያለው ከዚህ ወዲያ ነው። የሆሊውድን ፊልም ገቢ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም የሚያውቅ የደብረ ብርሃን ልጅ፣ ባለፈው ወር ስለወጣ የአማርኛ ፊልም ብትጠይቀው የሚነግርህ «ሰልፍ ነበረው» ወይም «ብዙም አልሄደለትም» ነው። ጥፋቱ የእሱ አይደለም። የመጀመሪያው የአማርኛ ሙሉ የልብ ወለድ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው» በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ከታየ ወዲህ ይህን ያህል ዘመን ሲያልፍ፣ የየሳምንቱን የትኬት ሽያጭ ከየሲኒማ ቤቱ ሰብስቦ ለሕዝብ የሚያወጣ ሰሌዳ አልተተከለም። ፕሮዲዩሰሩ ከሲኒማ ቤቱ ጋር ይካፈላል፣ ሒሳቡ በሁለቱ መካከል ይዘጋል፤ ሌላው በወሬ ይኖራል። ገንዘቡን በፊልም ላይ ለማዋል የሚያስብ ነጋዴ ባንክ ቤት ይዞት የሚሄደው ቁጥር የለውም። ዛሬ ሁሉም ሰው ቆጥሮ ሊያየው የሚችለው ብቸኛው ልኬት ፊልሙ ዩቲዩብ ላይ ሲጫን ከሥሩ የሚጻፈው የተመልካች ብዛት ነው፤ እሱም ከሲኒማ ቤቱ ወራት በኋላ የሚመጣ ነው።

ይህን ለመጀመር የአሜሪካ ዓይነት መዋቅር አያስፈልግም። ትኬት ተከታታይ ቁጥር አለው፤ በቴሌብርም ሆነ በሌላ የኤሌክትሮኒክ ክፍያ የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ ሳይጻፍ ራሱ ይመዘገባል። ፈረንሳዮች የፊልምን ስኬት በዋናነት የሚለኩት በገንዘብ ሳይሆን በተሸጠው ትኬት ብዛት ነው። የብር ዋጋና የትኬት ዋጋ ከዓመት ዓመት በሚለዋወጥበት አገር ለእኛም የሚሻለው ይኸው ይመስለኛል፤ የዛሬውን ፊልም ከአሥር ዓመት በፊቱ ጋር ያለ ሒሳብ ማስተካከያ ማስተያየት ይቻላልና። የአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶችና የክልል ከተሞች አዳራሾች ሰኞ ሰኞ የፊልሙን ስምና የሸጡትን ትኬት ብዛት፣ ሁለት ዓምድ ብቻ ያላት አንዲት ገጽ ቢያወጡ ለመነሻ ትበቃለች።